እንደገና ሁለተኛ ዓመት

ሲምቦ ጅቡቲ ስትገባ ሐሳቧ ማለፍ ብቻ ነበር። ከየምስራች ጋር ሆነው ካርቲየ 2 በሚባለው ሠፈር ውስጥ፣ መንገደኞች ተጠጋግተው በሚያድሩበት አንድ ክፍል፣ ምንጣፍ ላይ ቦታ አገኙ። ወደ ኦቦክ የሚወስዳቸው ሰው ዛሬ ነገ እያለ ያቆያቸዋል። ከኦቦክ በጀልባ ወደ የመን ይሻገራሉ፤ ከየመን በእግርም በመኪናም ብለው ሳዑዲ ይገባሉ፤ እዚያ ሰው ቤት ይቀጠራሉ። ያሰቡት ይኸው ነበር።

ሁለቱም የኤሌክትሪካል ምሕንድስና ተማሪዎች ነበሩ። ትምህርቱ አምስት ዓመት ነው። አራተኛውን ጨርሰው የመጨረሻው ሲቀራቸው፣ ዩኒቨርሲቲያቸው ባለበት አካባቢ ጦርነት ተነሣና ተማሪው ሁሉ ሻንጣውን ይዞ ወደየቤቱ ተበተነ። ሁኔታው ሲረጋጋ ጥሪ ይደረጋል ተብሎ ነበር። ሲምቦ ጥሪውን ስትጠብቅ ክረምቱ አለፈ፤ በጋውም አለፈ። በየጠዋቱ ስልኳን ከፍታ የዩኒቨርሲቲውን ገጽ ታያለች፤ የሚወጣው የሐዘን መግለጫና የበዓል መልካም ምኞት ብቻ ነው። ጎረቤቶች "መቼ ነው የምትመረቂው?" ማለቱን ትተው "አሁን ምን እየሠራሽ ነው?" ማለት ጀመሩ። ያን ሰሞን የምስራች ደወለችና መጠበቅ እንደሰለቻት፣ ልትሄድ እንደሆነ ነገረቻት። ሲምቦ ስልኩን ዘግታ ግቢው ውስጥ ሲመላለስ የዋለ እግሯን እንኳ ሳታሳርፍ ልብሷን መሰብሰብ ጀመረች።

ጅቡቲ ደግሞ ነሐሴ ነበር። ከበረሃው የሚነሣው ነፋስ አሸዋ ይዞ በበርና በመስኮት ይገባል፤ ሰው ሁሉ ከቀትር በኋላ ጥላ ፈልጎ ይጋደማል። ሲምቦ ግን መጋደም አልቻለችም። እስከ መንገዱ ዳር ወጥታ ትመለሳለች፣ የጎረቤቱን ሱቅ አይታ ትመለሳለች፣ ገብታ ትቀመጥና መልሳ ትነሣለች።

"እባክሽ ተቀመጪ" አለቻት የምስራች አንድ ቀን። "አንቺ በተራመድሽ ቁጥር እኔን ያልበኛል።"

ሲምቦ ጅቡቲ ውስጥ ዘመድ አላት። አበሩ የምትባለው የአባቷ እህት ጋቦዴ ሠፈር አንድ ባልና ሚስት ቤት ተቀጥራ፣ እዚያው እያደረች ስትሠራ ዓመታት አልፈዋል። ሲምቦ በልጅነቷ እንደለመደችው "አዳዳ" ነው የምትላት። ደብተርና ጫማ የምትልክላት፣ ዩኒቨርሲቲ የገባች ዕለት በስልክ እልል ያለችላት እሷ ናት። ለዚህም ነው ሲምቦ መምጣቷን ያልነገረቻት። ነገር ግን እናቷ አላስቻላትም፤ ደውላ ተናገረች።

አበሩ አርብ ከሰዓት፣ በዕረፍቷ ቀን መጣች። ስስ የጅቡቲ ቀሚስ ለብሳ፣ ነጠላዋን በራሷ ላይ ጥላ በሩ ላይ ቆመች፤ ምንጣፉ ላይ የተጋደሙትን ወጣቶች አንድ በአንድ አየቻቸውና ዓይኗ የወንድሟ ልጅ ላይ አረፈ። ሲምቦ ቁጣ ጠብቃ ነበር። አበሩ ግን አልተቆጣችም። ጀልባው እስኪገኝ ድረስ ለሁለት ለሦስት ቀን እሷ ዘንድ እንድትቆይ ብቻ ለመነቻት። ማዳም ፈቅዳለች አለች፤ ማዳም ራህመት ራሷ መሐንዲስ ናት፣ ባሏም መሐንዲስ ነው፤ የምሕንድስና ተማሪ መሆኗን ስትሰማ አምጪያት ብላለች። ሲምቦ ከነገሩ ሁሉ ደስ ያላላት ይህኛው ነበር። ሆኖም ጫማ የላከችላትን ሴት እምቢ ማለት አልቻለችም። የምስራችን መነሻው ቀን ሲታወቅ ደውይልኝ ብላ አክስቷን ተከተለቻት።

በማግስቱ ለምሳ ወደ ጠረጴዛው ጠሯት።

ሲምቦ ወጥ ቤት ከአክስቷ ጋር እበላለሁ ብላ ነበር ያሰበችው። ራህመት ግን ወጥ ቤቱ በር ላይ መጥታ፣ ነይ አለቻት፤ ለሦስት ሰው የተዘጋጀ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠቻት። ራህመት እስከ አሥራ ምናምን ዓመቷ ድሬ ዳዋ አያቷ ዘንድ ያደገች ጅቡቲያዊት ናት፤ አማርኛዋ የድሬ ልጅ አማርኛ ነው፣ ፈጣንና ሳቅ የሚቀድመው። ቻይና ተምራ መጥታ ወደቡ ላይ የክሬኖቹን ኤሌክትሪክ ትከታተላለች። ባሏ ዓብዱረዛቅ ፈረንሳይ የተማረ ነው፤ አንድ የግል የቴክኒክ ኮሌጅ ውስጥ ያስተምራል። አማርኛ ጥቂት ይሰማል እንጂ አይናገርም፤ ስለዚህ በፈረንሳይኛ ይጠይቃል፣ ሚስቱ ወደ አማርኛ ትመልሳለች።

አበሩ በየመን አሠራር ለሁለት ተሰንጥቆ የተጠበሰ ዓሣ በትልቅ ሳህን ይዛ ገባች። ከሲምቦ ትከሻ ላይ ጎንበስ ብላ ሳህኑን ስታስቀምጥ ሲምቦ ብድግ አለች። አክስቷ ቆማ፣ እሷ ተቀምጣ መብላቷ ሊዋጥላት አልቻለም። አበሩ በዓይኗ ብቻ ቁጭ በይ አለቻት። ተቀመጠች።

ዓብዱረዛቅ መጠየቅ ጀመረ። በአንድ ክፍል ስንት ተማሪ ነበራችሁ? ላቦራቶሪ ውስጥ በአንድ መሣሪያ ዙሪያ ስንት ሆናችሁ ትቆማላችሁ? ይህን የትምህርት ክፍል የመረጥሽው አንቺ ነሽ? ሲምቦ እንደ ምስክር ነበር የምትመልሰው። በክፍል ውስጥ ስድሳ እንደሚሆኑ፣ ከመሣሪያዎቹ የሚሠሩት ጥቂቶቹ እንደሆኑ፣ በአንዱ ዙሪያ ከፊት የቆሙት ወንዶች ሲነኩ እሷ ከኋላ ሆና ውጤቱን እንደምትጽፍ ተናገረች። የትምህርት ክፍሉን በተመለከተ እሷ የሞላችው ሲቪል ነበር፤ በውጤትና በቦታ ብዛት ተመድባ ኤሌክትሪካል ደረሳት።

እዚህ ላይ ዓብዱረዛቅ ሹካውን አስቀመጠ። ወዶ ያልገባበትን ሙያ ሰው እንዴት ይማራል አለ።

ራህመት ይህን ከመተርጎሟ በፊት ሳቀች። ለሲምቦም በአማርኛ አስረዳቻት፤ እሱም ቢሆን ፈረንሳይ ውስጥ ሁለት ዓመት ሂሳብና ፊዚክስ ብቻ ሲማር ከርሞ፣ አገር አቀፍ ውድድር ተፈትኖ፣ በወጣበት ተራ ነው ትምህርት ቤት የደረሰው። እሱ ይፈልግ የነበረው አውሮፕላን ነው። እሷም ብትሆን ወደ ቻይና ስትሄድ አርክቴክት ልትሆን ነበር፤ የደረሳት ቦታ ግን የኤሌክትሪክ ሆነ።

"ሦስታችንም ተመድበን ነው እንግዲህ" አለች። "ማንም ማንንም አይጠይቅ።"

ይህ ጉዳይ የባልና ሚስቱ የቆየ ክርክር እንደሆነ ያስታውቃል። ዓብዱረዛቅ ስለዚያ ሁለት ዓመት ሲያወራ ፊቱ ይለዋወጣል። በየሳምንቱ መምህር ፊት ቆመህ፣ ጠመኔ ይዘህ፣ እያንዳንዱን መሥመር ለምን እንደጻፍክ ጮክ ብለህ ትናገራለህ፤ ካልቻልክ እዚያው ፊት ለፊትህ ይነገርሃል። ከዚያ በኋላ ምንም ነገር አያስፈራህም አለ። ራህመት ደግሞ ያን ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ሽቦ እንኳ አልነካም ብላ ነገረችበት። ተነሥታም ከመሳቢያ ውስጥ አንዲት ትንሽ የብረት መዶሻ አመጣች። ናንጂንግ በምትባል የቻይና ከተማ ቋንቋውን ተምራ እንደጨረሰች መጀመሪያ የገባችው ወርክሾፕ ነበር። ለእያንዳንዱ ተማሪ የብረት ቁራጭና ሞረድ ሰጥተው፣ ይኸን መዶሻ አድርጋችሁ አምጡ ይሏቸዋል። መዳፏ ውኃ ቋጥሮ ፈንድቶ እንደገና ቋጥሯል። ግን ለምን ብለው መጠየቅን ማንም አላስተማራቸውም፤ የተባሉትን መሥራት ነው። ለምን ማለትን የተማረችው ወደቡ ላይ ክሬን ቆሞባት መርከብ ሲጠብቅ ነው አለች።

ሲምቦ መዶሻዋን በእጇ አገላበጠቻት። ጠርዟ ትንሽ ጠማማ ነበር።

ዓብዱረዛቅ የተግባር ልምምድ ስለወጣችበት ጊዜ ጠየቃት። አራተኛ ዓመት ላይ አንድ ሴሚስተር ፋብሪካ ተልካ ነበር። ወንበር ሰጧት፤ ኤሌክትሪክ አደገኛ ስለሆነ ራቅ ብላ እንድትመለከት ነገሯት። ተመለከተች። ሪፖርት ጽፋ ጥሩ ውጤት አገኘች።

ሰውዬው ራሱን ነቀነቀና አንድ ነገር አለ። ራህመት አልተረጎመችውም። ሲምቦ ምን እንዳለ ጠየቀቻት።

"ይሄ ወረቀት ላይ የቀረ ትምህርት ነው ነው የሚለው" አለች ራህመት ቀስ ብላ።

የሲምቦ ፊት ጋለ። ውስጧ ሲመላለስ የከረመው ሁሉ በአንድ ጊዜ አፏ ላይ መጣ። "ይንገሩት" አለች፤ "ዶርማችን መብራት በሌለበት ጊዜ በስልክ ባትሪ እያጠናን ነው ስለ መብራት የተማርነው። ወረቀት ብቻ ስለነበረን ወረቀቱን በደንብ አውቀነዋል። ይኼን ይንገሩት።"

ድምጿ ከፍ ብሎ ነበር። አበሩ የውኃ ማንቆርቆሪያ ይዛ በሩ ላይ ደርሳ ነበርና እዚያው ቀረች። ሲምቦ አክስቷን ስታይ የተናገረችው ለማን እንደሆነ፣ የማን እንጀራ ላይ እንደቆመች ትዝ አላት። ይቅርታ ብላ ተነሥታ ወጥ ቤት ገባች።

አበሩ ተከትላት ገባችና በሩን ገፋ አድርጋ ዘጋችው። ሲምቦ ሥራሽን አበላሸሁብሽ፣ ዛሬውኑ ልሂድልሽ ትላታለች። አበሩ ማንቆርቆሪያውን አስቀመጠች።

"እኔ እዚያ ጠረጴዛ አጠገብ ዘመኔን ሁሉ ቆሜ ነው ያሳለፍኩት" አለች። "ዛሬ የወንድሜን ልጅ እንደ ሰው ሲጠይቋት፣ እንደ ሰው ስትመልስ አየሁ። ከተቆጣሽም ተቆጪ። ግን ተመልሰሽ ግቢና ተቀመጪ።"

ተመልሳ ገባች። ዓብዱረዛቅ ውኃ እየጠጣ ነበር። አላኮረፈም፤ እንዲያውም ከበፊቱ ይልቅ አተኩሮ አያት። ኮሌጁ ምዝገባ ላይ ነው አለ። በወረቀት ብቻ የያዘችውን እሱ በወረቀት ሊመዝነው አይፈልግም፤ መጥታ ትፈተን። የት እንደምትገባ ፈተናው ይናገራል፤ ካለፈች ኮሌጁ ያለ ክፍያ የሚቀበላቸው ጥቂት ቦታዎች አሉት።

ሲምቦ ፈተናውን የተቀበለችው ለመማር አስባ አልነበረም። ልታሳየው ነበር። በዚያው ምሽት የምስራች ደውላ ወደ ኦቦክ የሚወስዳቸው ሰው ቀን መቁረጡን ነገረቻት፤ ከፈተናዋ በኋላ ባለው ቀን ከሰዓት ይነሣሉ። ሲምቦ ይሄማ ይደርሳል፣ ፈተናውን ሠርቼ እመጣለሁ አለቻት።

ፈተናው ዕለት ዓብዱረዛቅ ቀለሙ ነጭ በሆነ ሰፊ ክፍል ውስጥ ሰሌዳ ፊት አቆማትና አንድ የኤሌክትሪክ ዑደት ሣለላት፤ ቁልፉ ሲዘጋ ምን እንደሚሆን እንድታወጣ። ሲምቦ ጥያቄውን ስታየው ልቧ ተረጋጋ። ይህን ታውቀዋለች። ጀርባዋን ሰጥታው መሥመር በመሥመር ጻፈች፤ እኩልታው እየተፈታ፣ እየጠበበ መጣና መልሱ ላይ ደረሰች። ዘወር ስትል ዓብዱረዛቅ እጁን አጣጥፎ ቆሟል።

በእንግሊዝኛ "ተናገሪ" አላት። "አልሰማሁሽም።"

መልሱ ትክክል ነው ወይ ብላ ጠየቀችው። ትክክል ነው አለ። ግን ሁለተኛውን መሥመር ለምን ጻፍሽ? ለምን ሌላ አልጻፍሽም? አራት ዓመት ሙሉ ጽፋ አስረክባ ነው የወጣችው፤ ቆመሽ አስረጂ ያላት ሰው አልነበረም። በእንግሊዝኛ ጀመረች፣ ተሰናከለች፣ ሳታውቀው በአማርኛ ቀጠለች። ዓብዱረዛቅ አላቋረጣትም። የሚሰማትን ያህል ሰማት፤ ሲገባው ራሱን ይነቀንቃል፣ ካልገባው ጣቱን ወደ መሥመሩ ይቀስራል። ስትጨርስ ጀርባዋ በላብ ርሶ ነበር። ግን ጨርሳለች።

ቀጥሎ ወደ ወርክሾፑ ወሰዳት። ጠረጴዛው ላይ አንድ ሞተርና የማስነሻ ሣጥኑ ተቀምጠዋል። ሞተሩ አይነሣም፤ ኤሌክትሪኩ እስከ የት እንደደረሰ ለክታ እንድትነግረው ጠየቃት። መለኪያውን ሰጣት። ሲምቦ መለኪያውን በፎቶ፣ በሥዕል፣ ከወንዶች ትከሻ በላይ ታውቀዋለች። ሁለቱን ገመዶች እንደተሰኩ አገኘቻቸው፣ ማዞሪያውን ቮልት ላይ አደረገች፣ ሹል ጫፎቻቸውን ሁለቱ ሽቦዎች ላይ አስነካች። መለኪያው ውስጥ "ጧ" አለ። እጇን እንደተቃጠለ ሰው ሳበች። የመለኪያው መስኮት ላይ ያለው ቁጥር ዜሮ ሆኖ ቀረ።

ዓብዱረዛቅ መለኪያውን ከእጇ ተቀብሎ ፊውዙ መቃጠሉን ተናገረ። አልተቆጣም። ያ ነው የበለጠ ያበሳጫት።

ውሳኔውን እዚያው ነገራት። ኮሌጁ ሦስት ዓመት ነው፤ ያለ ክፍያ ሁለተኛ ዓመት ትገቢያለሽ፣ ትምህርቱም በፈረንሳይኛ ስለሆነ ከወዲሁ ጀምሪ አላት። ሲምቦ በልቧ ቆጠረች። አራት ዓመቷ አንድ ዓመት ሆኗል። እንደገና ሁለተኛ ዓመት፤ ከሁለተኛ ደረጃ ትናንት ከወጡ ልጆች ጋር። አመስግና ወጣች። አክስቷ ዘንድ ሄዳ ቦርሳዋን አነሣች። አበሩ ገበያ ወጥታ ነበር፤ ሲምቦ እስክትመጣ አልጠበቀቻትም። በማግስቱ ካርቲየ 2 ላይ ከየምስራች ጋር መኪና ላይ ወጣች።

መኪናው ከከተማው ዳር አውርዷቸው ሌላ መኪና ጠብቁ ተባሉ። የደረቀ ግራር ሥር፣ በጥቂት ጥላ ላይ ተጠጋግተው ተቀመጡ። ከእነሱ ጋር ያሉት መንገደኞች ብዙ አያወሩም። ሲምቦ ሦስቴ ተነሥታ ሦስቴ ተቀመጠች። የምስራች ምን ሆነሽ ነው ስትላት ፈተናውን ሁሉ ነገረቻት፤ ሰሌዳውን፣ "ተናገሪ" ያላትን፣ ሞተሩን፣ "ጧ" ያለውን ነገር።

የምስራች በክፍላቸው ከሁሉም በውጤት የምትበልጥ ልጅ ነበረች። ጥቂት አሰበችና ሳቀች።

"ገመዱ አምፔር የሚለው ቀዳዳ ውስጥ ነበራ" አለች። "ማዞሪያውን ብታዞሪው ምን ዋጋ አለው? ከዚያ ወገን እኮ ሬዚስታንስ የለውም፤ ሁለቱን ሽቦዎች በቀጥታ ነው ያገናኘሻቸው።"

"አውቃለሁ።"

"ሁለተኛ ዓመት ፈተና ላይ መጥቶልናል።"

"አውቃለሁ አልኩሽ። ደፍኜ ነው የወጣሁት።"

በአውራ ጎዳናው ላይ ከወደቡ ኮንቴይነር የጫኑ መኪኖች ወደ ኢትዮጵያ ይተማሉ፤ ባለፉ ቁጥር አቧራው ይነሣል። ሲምቦ ያን መለኪያ ማሰብ ማቆም አቃታት። ገመዱን ነቅላ ትክክለኛው ቀዳዳ ውስጥ ስትሰካው በሐሳቧ ታያለች። ከዚያ ሞተሩ ላይ ትደርሳለች። ሞተሩ ለምንድነው የማይነሣው? መልሱን ሳታውቅ ነው ከዚያ ክፍል የወጣችው። እዚያ ወርክሾፕ ውስጥ ያለ ማንም ሊያውቀው ይችላል፤ እሷ ደግሞ ግራር ሥር ተቀምጣለች። የተሰማት ቁጭት ከቀን በፊት ከተሰማት የተለየ ነበር። ያኔ የተናቀችበት ነው ያንገበገባት፤ አሁን ግን እጇን ነው የሚበላት።

"አንቺ ነክተሽው ታውቂያለሽ?" አለቻት የምስራችን። "መለኪያውን?"

የምስራች ወደ መንገዱ እያየች ራሷን በአሉታ ነቀነቀች።

"ነይ እንመለስ" አለች ሲምቦ። "አብረን እንፈተን።"

"አንቺ አክስት አለሽ ሲምቦ። እኔ የማን ቤት ነው የምገባው?" የምስራች ይህን ያለችው ያለ ምሬት ነበር፤ ቀድማ ያሰበችበት ይመስላል። "ደግሞ እኔ እንደገና ሁለተኛ ዓመት አልማርም። አልችልም። እናቴ አንድ ነገር እየጠበቀችኝ ነው።"

ሲምቦ እንዲያም ሆኖ ለመነቻት። አክስቴን እለምናለሁ፣ ማዳምን እለምናለሁ አለች፤ እያለችም ያንን ልትፈጽመው መቻሏን አታውቅም ነበር። የምስራች እጇን ያዘችና ሂጂ አለቻት። መኪናው ከመጣ በኋላ ሐሳብሽን ብትቀይሪ አያወርዱሽም፤ አሁኑኑ ሂጂ። ሲምቦ ቦርሳዋን አንሥታ ወደ ከተማው አቅጣጫ በመንገዱ ዳር መራመድ ጀመረች። ዘወር ብላ ስታይ የምስራች ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሸፍና ተጋድማለች። ተኝታ ይሁን እያለቀሰች ይሁን አልለየችም።

ጋቦዴ ስትደርስ አበሩ የግቢውን በር ከፈተችላት። ዓይኗ አብጦ ነበር። ፊቷን እንድትታጠብ ውኃ አመጣችላትና በኋላ ላይ፣ ሲምቦ በልታ ስትጨርስ፣ ጀልባ ላይ ስለወጡ ልጆች የምታውቀውን ነገረቻት፤ እዚህ ቤት እያለች እየመጡ የተሰናበቷትን፣ ከዚያ በኋላ ድምፃቸውን ያልሰማቻቸውን። ፊት ያልነገርሽኝ ለምንድነው ስትላት፣ ፈርተሽ እንድትቀሪልኝ አልፈለግኩም አለቻት።

ትምህርቱ ተጀመረ። ሲምቦ ካርቲየ 5 ውስጥ ከሁለት ኢትዮጵያውያት ጋር አንድ ክፍል ተከራይታ፣ ጠዋት ኮሌጅ ውላ ከሰዓት በየሰው ቤት ልጆችን ሂሳብ እያስጠናች ኖረች። የመጀመሪያዎቹ ወራት ከባድ ነበሩ። መምህሩ ሲያወራ ሰሌዳው ላይ ያለው ምልክት ይገባታል፣ ቃሉ ግን ያመልጣታል፤ ሁሉ ሲስቅ ዘግይታ ትስቃለች። የክፍሏ ልጆች ከታናሽ ወንድሟ የሚያንሱ ናቸው። በየሳምንቱ ሐሙስ ዓብዱረዛቅ ሰሌዳ ፊት ያቆማታል፤ ስህተት ስትሠራም እዚያው ይነግራታል፣ በልጆቹ ፊት። ሁለት ጊዜ ትምህርቱን ልትተወው ተነሥታ ነበር፤ አንዴ በር ላይ የያዘቻት ራህመት ናት። በማይገባት ቻይንኛ መሀል አንድ ዓመት ሙሉ ደደብ መስላ መኖሯን ነግራ አሳቀቻት፤ ከዚያም ፈረንሳይኛውን አብራት ተቀምጣ ታስጠናት ጀመር። ሞተሩ የማይነሣው ከመነሻ ቁልፉ በኋላ አንዲት ሽቦ ላልታ ስለነበር ነው። ሲምቦ ራሷ አገኘችው፣ ራሷ አጠበቀችው፤ ሞተሩ ሲነሣ ድምፁ ደረቷ ውስጥ ተሰማት።

ከየምስራች ለብዙ ሳምንታት ምንም አልተሰማም። ሲምቦ በነዚያ ሳምንታት እንቅልፍ አልነበራትም፤ ክፍል ውስጥም ስልኳን ከጠረጴዛው ሥር ትነካካለች። በመጨረሻ ከየመኗ ኤደን የድምፅ መልእክት መጣ፤ አጭር ነበር፣ ደርሻለሁ ብቻ። ከዚያ ሌላ ዝምታ። ከዚያ ከሳዑዲዋ ጂዛን። ሰው ቤት ገብታለች፤ ሥራው ብዙ ነው፣ ሴትዮዋ ክፉ አይደለችም። መንገዱ ላይ የሆነውን አልተናገረችም፤ ሲምቦም አልጠየቀቻትም። አሁን አልፎ አልፎ ትደውላለች። ስለ ትምህርቱ አንድ ጊዜ ጠይቃ፣ ሲምቦ ስታወራላት ብዙ አዳመጠችና ልጅ እያለቀሰ ነው ብላ ዘጋች። ከዚያ ወዲህ ሲምቦ ሳትጠየቅ አታነሣም።

በሦስተኛው ዓመት ኮሌጁ ለተግባር ልምምድ ናጋድ፣ የባቡር ጣቢያው አካባቢ ወዳለ የኃይል ማከፋፈያ ላካት። ሣጥኖቹ ላይ ያለው ጽሑፍ ቻይንኛ ነው፤ የሥራ ወረቀቱ በፈረንሳይኛ ይሞላል፤ ከድሬ ዳዋ የመጡት ሠራተኞች እርስ በርስ በአማርኛና በሶማሊኛ ይነጋገራሉ። ኃላፊው ጫላ የሚባል የመቂ ሰው ነው። የመጀመሪያው ዕለት የት እንደተማረች ጠየቃት። ሲምቦ ኢትዮጵያ አራት ዓመት፣ እዚህ ደግሞ ብላ ጀመረችና ረዘመባት።

"ይሁን፣ ይሁን" አለ ጫላ። ጓንት አቀበላትና ወደ ሣጥኖቹ እየመራት፣ ስትጨርሺ የት ለመሥራት አስበሻል አላት።

ሲምቦ ይህን ጥያቄ ከአክስቷም ትሰማዋለች፤ አዲስ አበባ፣ ናይሮቢ፣ አንዳንዴም ሩቅ ቦታ ያለ ሥራ በስልኳ ስታይ ታመሻለች። እስካሁን አንዱም ላይ አልቆመችም። አላውቅም አለችው። ጫላ የሣጥኑን በር ከፈተና ወደ ጎን ቆሞ ቦታ ለቀቀላት።